ስለ ቴሌስኮፓችን ሌንስ
(በማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ስለ ቴሌስኮፑ ሂሳብ ለማስረዳት ነው። ባለፈው ጥር ከመዋጮው አውጥቼ በዓይን በኩል የሚገባውን ትንሹን ሌንስ የገዛሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ስላየሁ ትልቁ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው። ስሕተት ነበር። የዚያን ለት ማታ እናቶች ሳይቀሩ ጋቢ ተከናንበው፣ በዚያ ነፋስ ተሰልፈው ያዩት የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጉሙንማ ከደጄም አላጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጉላቱ ልክ የሚገኘው የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ለትንሹ ሌንስ የትኩረት ርዝመት ሲካፈል ነው። የኛው ቴሌስኮፕ 700 ሚሊ ሜትር ነው። የገዛሁት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 175 ጊዜ ያጎላል፤ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ባርሎው የሚባል ሌንስ ሲጨመር ነው 525 የሚሞላው። ግን የፊቱ ሌንስ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው እኮ! የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 140 ጊዜ ካለፈ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። አንድ ጭልፋ ወጥ ላይ ውሃ እየጨመሩ ማብዛት ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው አንድ ሜትር ስለሚሰፋ እያንዳንዳቸው ከኛው 200 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባሉ፤ ከነሱ ጋር አንፎካከር።

ለፕላኔት ከቴሌስኮፑ ጋር የመጣው ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ይበቃናል፣ 70 ጊዜ ያጎላል። በማግስቱ ከግንብ ጥግ ተጠልለን የጁፒተርን ሁለት ጥቁር መቀነቶችና አራቱን ጨረቃዎች ያየነው በሱ ነው።

ኔቡላ የሚባለው የጋዝና የአቧራ ደመና ግን ሰፊና ደብዛዛ ስለሆነ ብዙ ማጉላት ያጠፋዋል። የኦሪዮን ኔቡላ በጥር ማታ፣ በረድፍ ከቆሙት ሦስት ኮከቦች ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ለሱ 22 ጊዜ ገደማ የሚያጎላው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ቀለም አትጠብቁ፣ አመድማ ነው። አፍጥጦ ከማየት ጎን ጎኑን ማየት ይበልጥ ያሳያል።

ስለዚህ በቀረው መዋጮ ባለ 32ቱ ይገዛ እላለሁ፤ የሚገባበት አንገት 31.7 ሚሊ ሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይለካ። የባለ 4ቱን ዋጋ ከኪሴ ልተካ ወይስ ይቅር የሚለውን ስብሰባው ይወስን፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።

ሌላው፣ በማያው ምሽት የደጅ መብራት ይጥፋልን፤ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ልጆችም በቀን ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩ አደራ፣ ዓይን ያጠፋል።