ከፊደሉ በላይ፦ ኤፒጄኔቲክስ በአንጎል ዕድገትና በሕፃናት የአንጎል ዕጢ



የዛሬው ንግግሬ አንድ ሐሳብ ያስረዳል፦ ከሕፃናት የአንጎል ዕጢዎች ከፊሉ በመሠረቱ መንገድ ላይ የቀረ ዕድገት ነው።

በድጓ ብራና ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች አስቡ። ቃሉ ሳይለወጥ፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ኤፒጄኔቲክስም ከዘረመል ፊደል በላይ ያለውን ምልክት የሚያጠና ዘርፍ ነው፤ «ኤፒ» በግሪክኛ «በላይ» ማለት ነውና። ዲኤንኤ ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። በሂስቶኖቹ ላይ የሚታተሙ ኬሚካዊ ምልክቶች የትኛው ጂን እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደሚዘጋ ይወስናሉ። በፅንስ አንጎል ውስጥ ያልበሰሉ ሕዋሳት ወደ ነርቭ ወይም ወደ ደጋፊ ሕዋስነት የሚያድጉት፣ አንዳንድ ጂኖች በጊዜያቸው ሲከፈቱ ሌሎቹም በጊዜያቸው ሲዘጉ ነው።

ይህ ሥርዓት ሲዛባ የሚከተለው በ2012 ግልጽ ሆነ። በአንጎል ግንድ፣ ፖንስ በተባለው ክፍል የሚነሣውን የልጆች ዕጢ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በአብዛኞቹ ናሙናዎች በሂስቶን 3 ፕሮቲን 27ኛ ቦታ ላይ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሜታዮኒን ተተክቶ አገኙት። ለውጡ የአንድ ፊደል ነው፤ መዘዙ ግን ሰፊ ነው። ፒአርሲ2 የተባለውን፣ በዚያ ቦታ የመዝጊያ ምልክት የሚያትመውን የኢንዛይም ስብስብ ያሰናክላል። በመሆኑም የተለወጡት ሂስቶኖች ጥቂት ቢሆኑም፣ ምልክቱ ከጤነኞቹም ላይ በብዛት ይጠፋል፤ ሕዋሱም ሳይበስል መባዛቱን ይቀጥላል።

የዚሁ ፕሮቲን 34ኛ ቦታ ሲለወጥ ግን ዕጢው በታላቁ አንጎል ውስጥ፣ በብዛትም በጉርምስና ዕድሜ ይነሣል። ስለዚህ ለውጡ ብቻውን በሽታውን አይወስንም፤ የደረሰበት ሕዋስ፣ ቦታና የዕድገት ጊዜም ይወስኑታል።

የፖንስ ዕጢ በጤነኛ ሕዋሳት መካከል ስለሚሰርግ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ጨረር የወራት ፋታ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ልጆች ግን በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ያርፋሉ። ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው ተብሎ ለረዥም ጊዜ ይተው ስለነበር፣ ዛሬ ያለን ዕውቀት በከፊል የተገኘው ወላጆች ልጆቻቸው ካረፉ በኋላ በፈቀዱት ልገሳ ነው። ይህን ዕዳ እንዳንዘነጋ አሳስባለሁ።

በነሐሴ 2025 ዶርዳቪፕሮን የተባለው መድኃኒት፣ ይህ ለውጥ ላለበትና ከሕክምና በኋላ ለተባባሰ የመካከለኛ አንጎል መስመር ዕጢ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ፈውስ አይደለም፤ በር ግን ከፍቷል። የተለወጠን ፊደል መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ምልክትን ግን የሚጽፉትም የሚፍቁትም ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኢንዛይም ደግሞ በመድኃኒት ሊደረስበት ይችላል። የሚቀጥለው ሥራ ትክክለኛውን ምልክት፣ በትክክለኛው ሕዋስና በትክክለኛው ጊዜ መመለስ ነው። ይህንንም ከእናንተ መካከል አንዳንዶች እንደሚሠሩት ተስፋ አደርጋለሁ።