ጡረታው ሲመጣ መድኑ ወደ ኋላ እንዳይቀር

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዕድሜያቸውን በውጭ ሀገር በሥራ ያሳለፉ ብዙ ወገኖቻችን ጡረታ ሲወጡ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ክርስትና በተነሡበት ደብር አጠገብ መኖርን ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕቃውና ስለ ጉዞው ብዙ ይመከራል፤ «ብታመም ማን ይከፍልልኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኛም ችግሩን የምንሰማው ዘግይተን፣ በዐውደ ምሕረት ላይ የሕክምና እርዳታ ሲለመን ነው። የዛሬው ማሳሰቢያዬ ጥያቄው ከጉዞው በፊት እንዲነሣ ነው።

ጡረታና የጤና መድን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ የሚኖሩትን በምሳሌነት እንውሰድ። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውን ኢትዮጵያ ሆኖም ሊቀበል ይችላል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸው የሚታከሙበት ሜዲኬር ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጠ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆስፒታል የሚተኛ ጡረተኛ ሂሳቡን ከኪሱ ይሸፍናል። ኤስኤስአይ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ደግሞ ተቀባዩ ለ30 ተከታታይ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ይቋረጣል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ስለ ሜዲኬር ፓርት ቢ የሚወሰነው ውሳኔ ነው። ይህ ክፍል የሐኪም ምርመራንና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍን ሲሆን በየወሩ አረቦን ይከፈልበታል። «ካልታከምሁበት ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ማቋረጥ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ያቋረጠ ሰው ተመልሶ ሲመዘገብ፣ በአብዛኛው፣ ላቋረጠበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በአረቦኑ ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ሦስት ዓመት የቆየ ሰው 30 በመቶ ይጨምራል፤ ቅጣቱም መድኑን እስከያዘ ድረስ አይነሣለትም። መደበኛው የምዝገባ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 በመሆኑ፣ በኤፕሪል የታመመ ሰው ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ለከባድ ሕክምና ተመልሼ እሄዳለሁ የሚል ሰው አረቦኑን ከማቋረጡ በፊት ደጋግሞ ያስብ። እርሱም ቢሆን ድንገተኛ ሕመም የአውሮፕላን ትኬት እስኪቆረጥ እንደማይጠብቅ አውቆ እዚህ የመታከሚያ ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ።

ከዐረብ ሀገራት የሚመለሱ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሁኔታ ደግሞ ይከፋል። መድናቸው ከአሠሪያቸውና ከመኖሪያ ፈቃዳቸው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥራው ሲያበቃ ያበቃል፤ ብዙዎቹም ጡረታ የላቸውም።

በሀገራችን ያለውን ደግሞ እንመልከት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍላል። ሕክምናው ውል ከተገባበት ጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ምዝገባው ወቅት ስላለው፣ ሰው ከታመመ በኋላ የሚሮጥበት ጉዳይ አይደለም። የውጭ ዜግነት ይዞ የተመለሰ ሰውም መመዝገብ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ከግል የመድን ድርጅት ሊገዛ የሚያስብም የዕድሜ ገደቡንና የነባር ሕመምን ጉዳይ ሳያጣራ አይፈርም።

ታዲያ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በውጭ ያሉ አጥቢያዎች ለመመለስ የሚያስቡ አረጋውያንን ከጤና ባለሙያ ምእመናን ጋር ያገናኙ። በአሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ ስለ ሜዲኬር በነፃ የሚያማክር አገልግሎት ስላለ ወደዚያ ይምሯቸው።

ሁለተኛ፣ ተመላሹ የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ እንዲይዝ፣ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት እዚህ መገኘቱንና ዋጋውን እንዲያጣራ ይምከሩ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ ከቤቱ ጉዳይ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ በሀገር ውስጥ ያሉ አጥቢያዎች የመድን ምዝገባው ወቅት ሲደርስ በዐውደ ምሕረት ያስታውቁ፤ ከተመላሾች ጋር አቅመ ደካማ ካህናትንና አረጋውያንንም ያስመዝግቡ።

እድሮቻችን ለቀብር አስቀድመው ያዋጣሉ፤ ለሕመምም እንዲሁ አስቀድሞ ማሰብ ለባህላችን እንግዳ አይሆንም። ደጉ ሳምራዊ የቁስለኛውን ቁስል በማሰር ብቻ አልተወሰነም፤ የእንግዳ ማረፊያውን ሂሳብ ከፍሏል፣ ለሚቀረውም ዋስ ሆኗል። እኛም ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ቀድመን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።