የወፍ ቆሎን ከጓሮ ስለ መንቀል
(በዳሪሙ ለእናቶችና ለቤተሰብ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቍጥቋጦ ነው። በአንድ ራስ ላይ ቢጫና ቀይ አበባ ያወጣል፤ ግንዱ ይዋጋል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ይሸታል፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቍራል። የወፍ ቆሎ ይባላል። የመጣው ከአሜሪካ ነው። ለአበባው ሲባል በየአገሩ ተተከለ፤ ኋላ ግን ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየቦታው በተኑት።

«ፍየል የማያሳልፍ አጥር ነው፤ ምን አደረገን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ለአጥርነቱ መልካም ነው። ጕዳቱ በውስጡ በሚሸሸገው ነው።

በኢሉባቦር ቆላ ከብት የሚፈጀውን ገንዲ የሚያመጣው ፄፄ የሚባለው ዝንብ ነው። በሬ በገንዲ ከሞተ ማሳው ጦም ያድራል፤ ላሚቱ ከከሳችም የልጅ ወተት ይቀራል። ይህ ዝንብ ብርቱ ፀሐይ አይችልም፤ ደም ከጠጣ በኋላ ጥላ ፈልጎ ያርፋል። እንደ ቤት ዝንብም እንቍላል አይጥልም። እናቲቱ አንድ ትል ብቻ በሆዷ አሳድጋ፥ በዘጠኝ በዐሥር ቀን ገደማ፥ ጥላ ባለበት ልል አፈር ላይ ትወልዳለች። ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ አንድ ወር ያህል ይቆይና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ከደጃፋችሁ የተጠላለፈ የወፍ ቆሎ ካለ፥ ማረፊያም ማራቢያም ሰጣችኋት ማለት ነው። የምትወልደው ጥቂት ስለ ሆነ ግን ጥላዋን መንሳት በጣም ይጎዳታል።

ነገሩ የከብት ብቻ አይደለም። በኡጋንዳ፥ በቡሶጋ፥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንቅልፍ በሽታ ብዙ ሰው ሲይዝ፥ ዝንቡ በቤቶች አጠገብ በዚሁ ቍጥቋጦ ውስጥ ይራባ ነበር። በእኛም አገር በ1967 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ በኩል በሽታው በሰው ላይ ታይቷል።

ደግሞ ጥሬ ፍሬው ለሕፃን መርዝ ነው። ቅጠሉን የበላ ከብት ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ አፍንጫው ይላጣል፤ የደረቀው ቅጠልም ያው ነው።

እንዴት እናጥፋው? በገጀራ መቍረጥ ብቻ ትርፉ ድካም ነው፤ ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ቍረጡ፤ ቀጥሎ ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰ ጊዜ ሥሩን በዶማ ቈፍራችሁ አውጡ። ፍሬ ሳይዝ ቢሆን ይሻላል። እጅና እግር ይሸፈን፤ ውስጡ እባብ አይታጣምና አስቀድማችሁ በረጅም እንጨት ነካክታችሁ እዩ። ቅጠሉን ከብት ከማይደርስበት አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ ግንዱ ማገዶ ይሆናል። ባዶውን መሬት ግን እንዲሁ አትተዉት፤ ተዳፋት ከሆነ ጎርፍ ይወስደዋል። ጎደሬ ወይም ጎመን ትከሉበት። በየወሩም እየዞራችሁ አዲስ ቡቃያ ስታዩ ንቀሉ፤ ይህስ ለልጆችም የሚሆን ሥራ ነው።

ታዲያ ይህን ሰምታችሁ የቡና ጥላ ዛፍ እንዳትቈርጡብኝ! እርሱ ሌላ ነው። «ቍጥቋጦ ከጠፋ ወባም ይጠፋል» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልልም። የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው ከቆመ ውሃ ነው፤ አጎበራችሁን አትተዉ።

ወደ ቆላ ወርዶ ዝንብ የነከሰው ሰው የነከሰው ቦታ ቢያብጥ፥ ትኵሳትና ራስ ምታት ቢመላለስበት፥ «ወባ ነው» ብሎ ቤቱ አይተኛ። ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ ዝንብ እንደ ነከሰውም ለመርማሪው ይናገር፤ ደሙ ሲመረመር ይታወቃል።