ዘግተነዋል ያልነው ፋይል



በጀጎል ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን የሽማግሌዎችንና የእናቶችን ታሪክ በቪዲዮ የምንቀርጽ ተማሪዎች፥ ገና መደቡ ላይ ሳንቀመጥ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህን ማን ያየዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ አፎቻ የተጀመረ ጨዋታ ሳይታሰብ ወደ ውርስ ክርክርና ወደ ዘመድ ጠብ ይገባል። እኛም ከቡድናችን በቀር ማንም አያየውም ብለን ቃል እንሰጣለን።

ቪዲዮው የሚቀመጠው ግን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ኢ ኤፍ ኤስ በተባለው መቆለፊያ እንዘጋዋለን። (መቆለፊያው የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው በየራሱ አካውንት ሲገባ ነው፤ ሁሉም በአንድ አካውንት ከገባ መቆለፉ ከንቱ ድካም ነው።) የቁልፍ ምልክቱ ሲታይ አብዛኛው ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ይነሣል። አላለቀም።

ኢ ኤፍ ኤስ በ2000 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 2000 ጋር የወጣ ነው። ቀድሞ የነበረን ፋይል ሲቆልፍ፥ ሥራው መካከል ላይ ቢቋረጥ ፋይሉ እንዳይበላሽ ሲል አስቀድሞ ያልተቆለፈ ጊዜያዊ ግልባጭ ያዘጋጃል፤ ሲጨርስም ግልባጩን ይሰርዛል። መሰረዝ ማለት ግን ስሙን ከመዝገብ መፋቅ እንጂ የተጻፈውን ከዲስኩ ማጥፋት አይደለም። 10 ጊጋባይት ቪዲዮ ብንቆልፍ፥ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ያው ቪዲዮ በግልጽ ባዶ በተባለው ቦታ ተኝቶ ይቆያል። ይህ ጉድለት በ2001 እ.ኤ.አ. በይፋ ስለ ተነገረ፥ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት «ሳይፈር» የተባለው ትእዛዝ ባዶውን ቦታ እንዲያጥብ አደረገ።

በሐረር ግንብ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ የተጣለውን ጠራርጎ ይወጣል። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ጅብ የለውም፤ ጠራጊውን መጥራት የኛ ፈንታ ነው።

አጠራሩ ቀላል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ ሳይፈር፥ ቀጥሎ ስላሽ ደብልዩ፥ ከዚያ ሁለት ነጥብና የዲስኩ ፊደል ይጻፋል። ትእዛዙ ባዶውን ቦታ ሦስት ጊዜ ይሞላዋል፤ መጀመሪያ በዜሮ፥ ቀጥሎ በ255፥ በመጨረሻም በዘፈቀደ ቍጥር። ያሉንን ፋይሎች አይነካም። በትልቅ ዲስክ ላይ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ሌሊት እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ። ጧት ብንከፍተው ዲስኩ ሞልቶ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልቀበል አለ። ቫይረስ ነው ያሉም ነበሩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ትእዛዙ በዲስኩ ላይ ኢ ኤፍ ኤስ ቲ ኤም ፒ ደብልዩ ፒ የሚባል ፎልደር ከፍቶ ባዶውን ቦታ የሚሞላው በዚያ ውስጥ በሚጽፈው ግዙፍ ፋይል ነው። ሲጨርስ ራሱ ያጠፋዋል፤ ከተቋረጠ ግን እንዳለ ይቀራል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቶ ይህን ፎልደር መሰረዝ ጉዳት የለውም። ከዚያ በኋላ እጥበቱን ከመጀመሪያው መድገም ነው፤ ግማሹ የታጠበ ዲስክ አይታመንም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፎልደሩን አስቀድሞ ቆልፎ ቪዲዮውን ከካሜራው በቀጥታ ወደዚያ መገልበጥ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ተቆልፎ ስለሚወለድ ግልጹ ግልባጭ አይሠራም። በኤስ ኤስ ዲ ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል፤ ኤስ ኤስ ዲ አዲሱን ጽሑፍ የት እንደሚያኖር ራሱ ስለሚወስን፥ ማጠቡ አሮጌውን ማጥፋቱ አያስተማምንም። የካሜራው ካርድም አይዘንጋ።

ኮምፒዩተሩ ለጥገና ከመሄዱ በፊት ደግሞ የቁልፉ ሰርቲፊኬት በፍላሽ ተገልብጦ ለብቻው ይቀመጥ። ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ፥ ያለዚያ ሰርቲፊኬት በሌላ ዲስክ ያስቀመጥነውን ቪዲዮ እኛም ራሳችን ልንከፍተው አንችልም።