ለማታ የሚሆን ስንቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ ለዕድሜዬ የማይመጥን መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ስለ እርጅና ምን ያውቃል? የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን መንገደኛ ስንቁን የሚቋጥረው ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ ነው እንጂ ማታ ከደረሰ በኋላ አይደለም። እኛ ከዚህ ግቢ ለመውጣት የቀረን ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በሽምግልናችን ወደ ኋላ ስንመለከት «ኑሮዬ ዋጋ ነበረው» የሚያሰኘን ነገር ምን እንደ ሆነ ከወዲሁ መጠየቅ ይገባናል። የምናገረውም ስለ ነገሥታትና ስለ ጀግኖች ሳይሆን ስለ ተራው ሰው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስበው ገንዘብን ነው። እኔም ገንዘብ ከንቱ ነው አልልም። ርቦት ለሚያድር ሽማግሌ «ሕይወትህ ክቡር ናት» ብሎ ማለፍ ፌዝ ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የጡረታ መብት አግኝቷል። በሀብሩ ማሽላና ጤፍ የሚያርሰው ገበሬና በመርሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጠው እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወር ጠብቆ የሚመጣ ጡረታ የላቸውም። ጡረታቸው ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርተው መብላት የማይችሉ አረጋውያንን በቀጥታ መርዳቱ መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም እህልና ገንዘብ ሲያድሩ የሚጠይቅ፥ ሲታመሙ የሚያስታምም ወገን ሊሆኑ አይችሉም።

ገንዘብ ብቻውን የት ድረስ እንደሚያደርስ እኛ የወልድያና የመርሳ ልጆች ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናችን አይተን ተምረናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢያችን በጦርነት ውስጥ በነበረበት ጊዜ ባንክ ተዘጋ፥ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። በባንክ ብዙ ገንዘብ ያለውም ምንም የሌለውም እኩል ሆኑ። ያን ጊዜ የሰው ሀብቱ ጎረቤቱ ሆነ። ትናንት ለሌላው ደጁን ከፍቶ የኖረ ሰው ደጅ ተከፈተለት። ይህን ያየ ወጣት «የእርጅና ዋስትናዬ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከባንክ ደብተሩ ውስጥ ብቻ ሊፈልግ አይችልም።

አሁን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። በ1965ቱና በ1966ቱ የወሎ ረኀብ ዘመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጥተው ሳለ፥ ከሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃን አገኙና ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት ሄዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ይጠጋ ነበር። ሹመት ወይም ትልቅ ሀብት አልነበራቸውም። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ሆኑ። ይህም ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን አስከፈላቸው፤ ልጆቹንም እንጀራና ሌላም ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ አሳደጉ። ያ ሥራ አድጎ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤ ድርጅት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙዎች እንደ እናት አለቀሱላቸው። ከዚህ የምንማረው ሁላችንም ድርጅት እናቋቁም ማለት አይደለም። ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ሕፃን መሆኑን ልብ እንበል። በመንገዳቸው ላይ የተገኘውን አንድ ሰው አልፈው አልሄዱም፤ የቀረውም ዘመናቸው ከዚያ ተወለደ።

እንዲህ ያለ ሕይወት በሩቅ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእኛ በወሎ የቅሬ ዳኛ ሆነው ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ፥ ኀዘንተኛውን የሚያጽናኑ አባቶች አሉ። ክርስቲያኑ ለእስላሙ፥ እስላሙም ለክርስቲያኑ መቃብር ለመቆፈር ቀድሞ ይወጣል። አበጋር የሚባሉ አባቶችም ደም የተቃቡትን ሰዎች አስታርቀው ቂም ያወርዳሉ። እንደዚህ ያሉት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ደመወዝ የላቸውም፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ነገር ግን ጉልበት ሲደክም የሚበረታ ነገር አለ፤ እርሱም ቃላቸው ነው። ቃላቸው የሚሰማው በሸመገሉበት ቀን ስለ ተናገሩ ሳይሆን፥ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይዋሹና ሳያዳሉ ስለ ኖሩ ነው። ልጅ ያልወለደ ሰው እንኳ እንዲህ ኖሮ ከሆነ በእርጅናው ያለ ወገን አይቀርም።

የሩቅ አገር ሊቃውንትም ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰዋል። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 በተጀመረ ጥናት፥ 724 ወንዶች ከወጣትነታቸው እስከ እርጅናቸው ድረስ ተጠንተዋል። ከፊሎቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፥ የቀሩትም የድኻ ሰፈር ልጆች ነበሩ። የጥናቱ መሪዎች እንደሚያስረዱት፥ በእርጅና ዘመን ጤናንና ደስታን ከሀብትና ከዝና ይልቅ የሚያበረክተው ከሰው ጋር ያለ መልካም ግንኙነት ነው። የወሎ ሽማግሌ በቡና ረከቦት ዙሪያ የሚያውቀውን ነገር ሊቃውንቱ በብዙ ዓመት ድካም አረጋገጡት ማለት ነው።

ደግሞም ሰው ፍሬውን ለማይበላው ነገር መድከሙ ለኑሮው ክብር ይሰጠዋል። ከዘር የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል። በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል የማሽላ ዘር የሚያሻሽለው ባለሙያም አንድ ዘር ከገበሬው እጅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይለፋል። መምህራኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የደከሙበትን ፍሬ የሚያዩት ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ያውም ከሩቅ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከመካከላችን ጥቂቶች ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ሌሎች ያርሳሉ፥ ይነግዳሉ። በአፋርና በጅቡቲ በኩል አቋርጠው ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የሚያስቡም እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የቸገረውን ሰው «ለምን ሄድህ?» ብዬ አልወቅስም፤ ተሻግረው ሠርተው የላኩት ገንዘብ በሀብሩ የስንቱን ወላጅ ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሰ ይታያል። ነገር ግን መንገዱ የብዙ ወጣት ሕይወት ቀጥፏል። ደርሶ የሚያገኘውም ቢሆን፥ ገንዘብ ልኮ ድምፁን የሚነፍግ ልጅ ለእናቱ ግማሽ ልጅ ነው። የምንሄድም የምንቀርም ይህን አንርሳ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ ማታ ከመተኛቴ በፊት «ዛሬ ለማን ጠቀምሁ?» ብዬ ራሴን እንድጠይቅ ተምሬ ነበር። እርጅናም የዕድሜ ማታ ነውና ያው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የምንመልሰው አዲስ መልስ የለም፤ መልሱ በየዕለቱ የሠራነው ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ጎረቤት እንጠይቅ፥ የተጣላ ጓደኛ እናስታርቅ፥ ለታናናሾቻችን የምናውቀውን እናስተምር፥ ለወላጆቻችን ጊዜ እንስጥ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ካልተጀመረ በሰባ ዓመት ዕድሜ በድንገት አይገኝም።

ትምህርት ቤታችን ይህን በዓል እንዲያከብር ያበቁት ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ናቸው። እኛም ስማችን ባይጻፍ እንኳ እንደ እነርሱ ለሰው ጠቅመን ለመሸምገል ያብቃን።