አስቀድሞ ቁርስ፣ ኋላ ጥያቄ



በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ወደ ክፍል ከሚገቡት ልጆች መካከል ተኩስ ከእንቅልፉ ያባነነው፣ ቁርስም ያልቀመሰ አለ። እኛስ ስንት ጊዜ የቀሪዎችን ቁጥር ብቻ መዝግበን ተመልሰናል!

ርእሰ መምህሩ ያረፈደውን ልጅ በር ላይ አያንበርክከው፤ «በልተሃል ወይ? ሌሊቱን ተኝተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። የተራበ ልጅ ሰሌዳ አያይም፤ የፈራ ልጅ ፊደል አይዝም።

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ልጆችን ትመግባለች። እኛ ግን በጀት እስኪመጣ አንጠብቅ። ጌታችን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጴጥሮስን የጠየቀው ካበላው በኋላ ነው። እኛም ከትምህርቱ በፊት ቆሎና ውኃ፣ ከቁጣው በፊት ጆሮ እናቅርብ።