ግድግዳው ሳይለሰን፦ ስለ ቤት ውኃ ቧንቧ አመራረጥ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከቁጠባችን ለቤት ማሻሻያ የምንበደር እናቶች ብዙ ነን። አንዳንዶቻችን ውኃ ከግቢ ወደ ማዕድ ቤት ልናስገባ፣ አንዳንዶቻችን የዛገ ቧንቧ ልንቀይር፣ ሌሎቻችን ደግሞ ቦይለር ልናስገጥም ነው። ብድሩን የምንከፍለው እንጀራ ጋግረን፣ ጉሊት ተቀምጠን፣ ልብስ ሰፍተን በምናገኘው ነው። ስለዚህ የዛሬው ወሬ የቧንቧ ቢመስልም ስለዚሁ ገንዘብ ነው። ያላማረንን መጋረጃ አውርደን መቀየር እንችላለን፤ ግድግዳ ውስጥ የገባ ቧንቧ ግን ሲበላሽ የሚወጣው ግድግዳው ፈርሶ ነው።

ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የሚወጣን ቃል «ስንት ነው?» የሚል ነው። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ በዚህ ቧንቧ የሚያልፈው ምንድን ነው? ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ ሙቅ ውኃ ነው ወይስ ፍሳሽ?

ብረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋልቫናይዝድ የምንለው ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ምት ይችላል፣ ፀሐይም አይጎዳውም። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ከውስጥ ይዝጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው አንድ ቀን ይሞላል፣ ሌላ ቀን አየር ይገባዋል፤ ይህም ዝገቱን ያፋጥነዋል። ጠዋት ስንከፍት ቀድሞ የሚወርደው ቀይ ውኃ የዚሁ ምልክት ነው። እያደር ዝገቱ የቧንቧውን ጉሮሮ ያጠበዋል።

ፒቪሲ ለፍሳሽ መልካም ነው፤ ለቀዝቃዛ ውኃ ተብሎ የተሠራም አለ። ለሙቅ ውኃ ግን አይሆንም፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያውም ይለቃል። «ይረክሳል» ብሎ ከቦይለር ጋር ሊያገናኘው የሚነሳ ሠራተኛ ቢገጥመን እንቢ እንበል።

ፒፒአር አይዝግም። መጋጠሚያው 260 ዲግሪ ገደማ በሚግል መሣሪያ ቀልጦ ከቧንቧው ጋር አንድ አካል ይሆናል። በላዩ ላይ «ፒኤን» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ታትሞበታል። ፒኤን 20 ከፒኤን 16 ይልቅ ወፍራም ነው። ውኃው በሞቀ ቁጥር ቧንቧው የሚችለው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ለሙቅ ውኃ 20ውን እንምረጥ።

ፒፒአርም ቢሆን ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ክፍል ካልተሸፈነ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ሙቀት ደግሞ ያስረዝመዋል፤ 4 ሜትር የሆነ ተራ ፒፒአር ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በውጭ የሚዘረጋ የሙቅ ውኃ መስመር መለጠጫ ቦታ ሊተውለት ይገባል።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ልኩ ነው። ብረት በተለምዶ የሚጠራው በውስጡ ስፋት ግምት ሲሆን፣ ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ልኩ ነው። የግማሽ ኢንች ብረት ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ፒኤን 20 ፒፒአር ግን ውስጡ 13.2 ብቻ ነው። የግማሽ ኢንቹን ብረት የሚተካከለው ባለ 25ቱ ነው፤ ውስጡ 16.6 ይሆናል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ታንከር ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ከመታጠቢያው በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር 0.3 ባር ቢሰጥ ነው። ግፊቱ እንዲህ ደካማ ሲሆን ጠባብ ቧንቧ ውኃውን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል።

አንድ የሕይወት ጉዳይም አለ። በአንዳንድ የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ የታሰረው ከውኃው የብረት ቧንቧ ጋር ነው። ብረቱ ወጥቶ ፕላስቲክ ሲገባ ያ መከላከያ ይቋረጣል። ቦይለር ከመብራት በፊት የመሬት ሽቦው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታይ። ልጆቻችን የሚታጠቡበት ውኃ ነው።

በመጨረሻም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መልካም ቧንቧም በችኮላ ከተገጠመ ያፈሳል። መስመሩ እንዳለቀ ሁሉም መውጫ ተደፍኖ፣ በመሞከሪያ ፓምፕ ግፊት ተሞልቶ ይቆይ፤ የፓምፑ ሰዓት ቁጥሩ ከወረደ መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ። ልስን ከተመታ በኋላ የሚገኝ ፍሳሽ የሚታወቀው ግድግዳው ሲረጥብና የውኃው ሂሳብ ሲያብጥ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ማኅበራችን ለቧንቧ ሥራ በሚሰጠው ብድር የሠራተኛው የመጨረሻ ክፍያ የሚለቀቀው ሙከራው ተደርጎ፣ የቤቱ ባለቤትና አንዲት ጎረቤት አባል በዓይናቸው ካዩ በኋላ ይሁን። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ሥራው ይመሰክርለታል። ደጋፊዎቻችንንም የምንለምነው ስንት ቤት ውኃ እንደገባ ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ ስንቱ ሳያፈስ እንደቆየ አብራችሁን እንድትቆጥሩ ነው።